ምንም ያልተፈጠረበት ዓመት

የተከበራችሁ የጉባኤው አዘጋጆች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀላቀላችሁን ወጣት ባለሙያዎች፤

ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ሥራ ገበያ አዝማሚያ እንድናገር ስጋበዝ፣ የሚጠበቅብኝ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር፣ የትኛውንስ የምስክር ወረቀት መያዝ እንደሚያዋጣ መዘርዘር እንደሆነ አላጣሁትም። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው በየሳምንቱ አዲስ ያገኛል፤ የአምናውን ዝርዝር አውጥቶ ምን ያህሉ እንደ ሠመረ የሚመረምር ግን አላየሁም። እኔ የመጣሁት በእነዚያ ዝርዝሮች ላይ ስሙ ተነሥቶ ስለማያውቅ ሥራ ልናገር ነው፤ እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ቀን ከሌት ስለምንደክምበት፣ በሲቪያችን ላይ ግን በአንድ መስመር ስለምናልፈው የጥገና ሥራ።

አብረን ያየነውን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ፌስቡክ የድርጅቱን ስም ወደ ሜታ ሲቀይር፣ የሰው ልጅ ሥራውንም ስብሰባውንም ጠቅልሎ ወደ ምናባዊው ዓለም ሊገባ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ የሥራ ማስታወቂያዎችም ተከትለው መጠሪያቸውን ለወጡ። ዓመት ከአንድ ወር ሳይሞላ ያው ድርጅት 11,000 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ቻትጂፒቲ ብቅ አለ፤ ስለ ምናባዊው ዓለም ይጽፉ የነበሩ እጆችም ለአፍታ ሳያርፉ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጻፍ ጀመሩ። በጃንዋሪ 2023 ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ 10,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንሱ ገለጹ። ከዚያ ማዕበል የተረፍነውም ያልተረፍነውም ዛሬ እዚህ አለን።

ፕሮግራመር ሊቀር ነው የሚለው ትንቢትም ከሙያችን ጋር አብሮ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠነሰሰው ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲቀርብ የተደረገው፣ ፕሮግራመር ያልሆነ የሥራ ኃላፊም አንብቦ እንዲረዳው ታስቦ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2020፣ ድጎማ የሚጠይቁ ሥራ አጦች ብዛት የኒው ጀርሲን አሮጌ ሲስተም ሲያስጨንቀው፣ የግዛቲቱ ገዥ ፊል መርፊ በመግለጫ ላይ ቆመው የኮቦል ባለሙያ ያለህ አሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ኮቦል ሞት ያልጻፈ የቴክኖሎጂ ዓምደኛ ካለ አምጡልኝና እጁን ልጨብጠው።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን አንድ ታሪክ በዝርዝር ልናገር ነው፤ ታገሡኝ፤ እኔ እስከማምነው ድረስ በቂ ጊዜ ተነግሮ አያውቅም። በማርች 2024 አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ፣ በማይክሮሶፍት ተቀጥሮ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ የፍጥነት መለኪያ ሙከራ ለማድረግ የኮምፒውተሩን የጀርባ ሥራዎች ጸጥ ለማሰኘት ይሞክራል። በዚህ መካከል ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚገባበት ኤስኤስኤች ከተለመደው በላይ ፕሮሰሰሩን ሲያደክም ያያል፤ መግቢያውም በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ግማሽ ሰከንድ! እኔና እናንተ ብንሆን ኔትወርኩን ረግመን እንቀጥል ነበር። እሱ ግን ክሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፤ መዘግየቱ የመጣው ኤክስዚ ከተባለው የፋይል መጭመቂያ ጥቅል መሆኑን ደረሰበት፤ በጥቅሉ ውስጥም ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ተሸሽጎ የገባ የጓሮ በር፣ ማለትም ሥውር መግቢያ፣ አገኘ። ማርች 29 ቀን ለዓለም አስታወቀ። የአደጋው መጠን ከ10 አሥር ተሰጠው። የተበከሉት እትሞች በስፋት ወደሚሠራባቸው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥርጭቶች ገና ስላልዘለቁ ነው እንጂ፣ የምስጢር ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሰርቨሮች ላይ እንዳሻው ማዘዝ ይችል ነበር።

በሩ እንዴት እንደ ተከፈተ ደግሞ ስሙ። ይህን ጥቅል ለዓመታት ይንከባከብ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ አካል ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ ማስተካከያዎችን እየላከ አመኔታ አተረፈ። በሌላ በኩል በማንም የማይታወቁ ስሞች እየተፈራረቁ ባለቤቱን ይወቅሱት ነበር፤ ሥራው ተጓቷል፣ ለሌላ ሰው አስረክብ ይሉታል። በመጨረሻም ጂያ ታን የባለቤትነት ሥልጣን ተጋራ። እነዚያ ወቃሾች የሤራው አካል ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ብዙ የደኅንነት ባለሙያዎች ያምናሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሤራው አይደለም። የወቀሳው ቃና ነው። በነጻ የሚሠራን ሰው «ለምን ዘገየህ?» ብሎ ማንጓጠጥ በመካከላችን እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ ያንን ሁሉ ሲያነብ የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። አጥቂዎቹ ጭንብል ማጥለቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ የእኛኑ ፊት ተዋሱ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከዚያ ዐሥር ዓመት በፊትም ተነግሮን ነበር። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ሲገለጥ፣ የዓለም ገበያ የይለፍ ቃሉንና የክፍያ መረጃውን አደራ የሰጠበት፣ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ነጻ የምስጠራ ሶፍትዌር፣ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ እንደ ነበር ታወቀ። በእርሱ ላይ ተደላድለው ቢሊዮኖችን ያፈሱ ድርጅቶች ግን የእንግዳ መቀበያቸውን አበባ ለመቀየር ከዚያ የበለጠ ያወጣሉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

ስለ ሩቁ ብቻ ካወራሁ ግን ለእኛ ይቀልለናል። አንዲት የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ እርሷንም መሥሪያ ቤቱንም በስም አልጠራም። የደመወዝና የክፍያ ሲስተም ኃላፊ ነበረች። በአንድ የሥራ ዓመት ውስጥ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበ የደኅንነት ሰርተፊኬቶችን አንድ በአንድ አደሰች፤ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን በእርግጥ ተመልሰው የሚሠሩ መሆናቸውን ፈተነች፤ ማንም የማይጠራውንና ማንም ሊነካው የሚፈራውን አሮጌ ኮድ ለቅማ አወጣች። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቀላል ለሚመስለው ሰው፣ ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ነጋዴ በኦገስት 1 ቀን 2012 የደረሰበትን ይጠይቅ። ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ አዲሱ ኮድ ሳይጫንበት ቀረ፤ በእርሱ ላይ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ የሞተ ኮድ ነቃ፤ በ45 ደቂቃ ውስጥም ድርጅቱ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ።

የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ደረሰ። ገምጋሚዎቹ ፎርሙን ገልጠው «ዘንድሮ ያበረከቱት አዲስ ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቋት። የሠራችውን ነገረቻቸው። «ይህማ የዕለት ተዕለት ሥራዎ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም እኮ!» አሏት። እድገቱ የተሰጠው ለተጠቃሚ መልስ የሚሰጥ ሮቦት ሠርቶ በሥነ ሥርዓት ላስመረቀው ቡድን ነው፤ ሮቦቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። እርሷ መልቀቂያዋን አስገባች። ቦታዋን ለመሙላት የወጣው ማስታወቂያ ለፈጠራ ስላለው ፍቅር፣ ስለ ፈጣን ለውጥና ስለ ዘመናዊ የሥራ ባህል ብዙ ብሎ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አንዲት ቃል አልነበረውም።

ምንም ያልተፈጠረበት ዓመት! ክቡራትና ክቡራን፣ በክፍያ ሲስተም ላይ ምንም ያልተፈጠረበት ዓመት እንዲሁ የሚገኝ የሚመስለው ገምጋሚ ወንበሩን ይልቀቅ። ሠራተኛው ሁሉ ደመወዙን በቀኑ የተቀበለው፣ አንዲት ሴት ችግሩ ከመድረሱ በፊት ስለ ደረሰች ነው። ይህንን የሚመዘግብበት ዓምድ የሌለው ፎርም ሰውን ሳይሆን ጭብጨባን ነው የሚገመግመው።

በአዳራሹ ያላችሁ ጋዜጠኞች ስሜን በክፉ እንዳታነሡት እንጂ እናንተንም አልምርም። በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት የላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲያስተኛ፣ ሰማያዊውን ስክሪን በየአቅጣጫው ፎቶ አንሥታችሁ አሳያችሁን። ከማሽን ወደ ማሽን እየዞሩ የተበላሸውን የማሻሻያ ፋይል በእጃቸው የሰረዙት ቴክኒሻኖች ግን በዜናችሁ መጨረሻ በአንድ ሐረግ ታለፉ። ትንቢትንም እንዲሁ ነው የምትይዙት። እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊቁ ጄፍሪ ሂንተን፣ ማሽን በ5 ዓመት ውስጥ የራጅ ምስል ከሚያነብ ሐኪም ስለሚበልጥ ሥልጠናው ከአሁኑ ይቁም ብለው ነበር። የኚህን ታላቅ ሊቅ ቃል ዓለም ሁሉ ሰማው። ዓመታቱ ሲቆጠሩ ሆስፒታሎች ራዲዮሎጂስት መቅጠራቸውን እንዳላቆሙ የጻፋችሁት ግን ጥቂቶች ናችሁ። በትንቢቱ አምኖ ሙያ የቀየረ ተማሪ ካለ ማረሚያው አልደረሰውም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ በአጭሩ። ኮድ የሚጽፉት መሣሪያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን በፍጥነት የተጻፈ ኮድ ሁሉ ነገ የሚጠገን ኮድ ነው፤ ጀማሪ መቅጠር ያቆመ ድርጅትም ያንን ኮድ አንብቦ የሚረዳ አንጋፋ ከየት እንደሚያመጣ ከወዲሁ ይንገረን።

ለወጣቶቹ የምለው አጭር ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ የመጠየቅ ተራ ሲደርሳችሁ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ ተነሥታችሁ ሲስተሙን ለመጨረሻ ጊዜ የመለሳችሁት መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለማግኘት እርስ በርስ ከተያዩ ስለ ድርጅቱ በቂ ነገር አውቃችኋል።

ቀጣሪዎችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በግምገማ ፎርማችሁ ላይ ሳይደርስ ስለ ቀረ አደጋ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። የምትጠቀሙባቸውን የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ጥቅሎች ቆጥራችሁ፣ ለሚንከባከቧቸው ሰዎች በቋሚነት የሚከፈል በጀት ያዙ። አመልካች ስትፈትኑም በነጭ ሰሌዳ ላይ እንቆቅልሽ ከምታስፈቱት፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ያረጀ ኮድ ሰጥታችሁ ምን እንዳየበት ጠይቁት።

ለውይይት የተመደበ ጊዜ እንዳለ ተነግሮኛል። የመጀመሪያውን ዕድል የምሰጠው ፊት ለፊቴ ለተቀመጣችሁት የቅጥርና የሰው ኃይል ኃላፊዎች ነው፤ ፎርሙን መቼ እንደምትቀይሩት ከእናንተው መስማት እፈልጋለሁ።