እጅጌውን አትልቀቁ፦ በጁዶ ቀበቶ አሰጣጥ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ዛሬ ቀበቶ የምትቀይሩ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጁዶ አጀማመር አጠር አድርገህ ተናገር» ብለውኛል። አጠር የሚለውን ግን ቃል አልገባሁላቸውም። እኔ ይህን ወሬ ከጀመርኩ እንደማላቆም ታውቃላችሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ይኸው ከኋላ ሆነው እየሳቁብኝ ነው። ሳቁ። ዛሬ ግን ታሪክ ላወራ ብቻ አልመጣሁም። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። መጀመሪያ ታሪኩ ይቅደም።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 ኮቤ አጠገብ ሚካጌ በምትባል ቦታ ተወለደ። ቤተሰቡ ሳኬ ጠማቂ ነበር፤ የሩዝ መጠጥ ማለት ነው። ገንዘብ አልቸገራቸውም። ልጁ ግን ቀጫጫ ነበር። አድጎም ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 አልሞላም። ቶኪዮ ለትምህርት ሲመጣ ጉልበተኞቹ መጫወቻ አደረጉት። በትምህርት ይበልጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ በጡጫ ይበልጡታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በዚሁ ምክንያት እንደጀመራችሁ አውቃለሁ። እጅ አውጡ አልልም።

ካኖ ትንሹ ትልቁን የሚጥልበት ጁጁትሱ የሚባል ጥበብ እንዳለ ሰማ። ልማር ቢል አስተማሪ ጠፋ። ጊዜው ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራቡ ያዞረችበት ነው። ሳሙራዮቹ ማዕረጋቸውም ጎራዴያቸውም ቀርቷል። ጁጁትሱም ኋላ ቀር ተብሎ ተንቋል። የገዛ አባቱ እንኳን ነገሩን አልወደዱለትም። ታዲያ የድሮዎቹ መምህራን የት ገቡ? ብዙዎቹ ወጌሻ ሆኑ! አዎ፣ ወጌሻ። አጥንት ማውለቅ የሚያውቅ ሰው መመለሱንም ያውቅበታላ። ካኖም ወጌሻ እየፈለገ ጁጁትሱ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያዘ። በ1877 አንዱ ወጌሻ ወደ ሌላው ወጌሻ ላከው። እኚህ ሰው ሃቺኖሱኬ ፉኩዳ ናቸው። ቴንጂን ሺንዮ ሪዩ የሚባለውን የጁጁትሱ ዘርፍ ያስተምሩ ነበር።

የፉኩዳ አስተማሪነት ለብቻው ነው። ካኖ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና ነገር ሁሉ ምክንያት እንዲኖረው ይፈልጋል። አንድ ቀን ፉኩዳ ጣሉት። ተነሳና ጠየቀ፦ እጄን የት ላድርግ? እግሬስ? ፉኩዳ መልስ አልሰጡትም፤ ደግመው ጣሉት። ተነስቶ ጠየቀ። ጣሉት። እሱ ሲጠይቅ፣ እሳቸው ሲጥሉ ቆዩና በመጨረሻ ይህ በወሬ አይገባህም፣ ደጋግመህ ሥራው አሉት። ልጁ ሰውነቱ ሁሉ በሰንበር ተሞልቶ፣ ቅባት ተለቅልቆ ነበር የሚውለው። ያኔ የለበሳት የልምምድ ጃኬት ዛሬ ቶኪዮ፣ ኋላ ራሱ በከፈተው የጁዶ ትምህርት ቤት በኮዶካን ሙዚየም ውስጥ አለች። ተቦጫጭቃ፣ ተጥፋ፣ እንደገና ተቦጫጭቃ። እናንተ እጅጌው ትንሽ ሲተረተር አዲስ ልብስ ይገዛልኝ የምትሉ ልጆች፣ ሰምታችኋል?

ፉኩሺማ ካኔኪቺ የሚባል ሰውም አለ። እዚያው አብሮት የሚማር ግዙፍ ሰው ነው። ካኖ ይሄን ሰውዬ በምንም መላ መጣል አልቻለም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ሱሞ አጠና። ሱሞ ፉኩሺማ ላይ አልሠራም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ልብ በሉ፣ ጂም አላልኩም፣ ቤተ መጻሕፍት! ስለ ምዕራባውያን ትግል አነበበ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ዘዴ አገኘ። ጓደኞቹ ላይ በደንብ ሞከረው። ከዚያ ወደ ፉኩሺማ ሄደ። እጅጌውን ወደ ራሱ ሳበው፣ ጎንበስ ብሎ ከብብቱ ሥር ገባ፣ ሌላው እጁን በጭኖቹ መሃል አሳለፈና ያንን ተራራ የሚያህል ሰው እንደ ጤፍ ኩንታል ትከሻው ላይ ጭኖ ከወዲያ ማዶ ጣለው። ዛሬ ካታ ጉሩማ የምንለው ይሄው ነው። እንግዲህ «ጁዶ ከጥንት ከሳሙራይ እንዳለ የመጣ ምስጢር ነው» የሚሏችሁ ሰዎች ይሄን ይስሙ። ካኖ ከሠራለት ከየትም ይወስዳል። የማይሠራውን ደግሞ ይጥላል።

ፉኩዳ በ1879 ሞቱ። ካኖ ከኢሶ ማሳቶሞ ዘንድ ቀጠለ፤ ኢሶም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ ወደ ኢኩቦ ቱኔቶሺ ሄደ። እሳቸው ያስተማሩት ኪቶ ሪዩ መጣል ላይ የሚያተኩር ነው። የቴንጂን ሺንዮ ሪዩ ጠንካራ ጎን ደግሞ መያዝ፣ ማነቅና መምታት ነበር። ካኖ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። በ1882፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ሆኖ፣ ቶኪዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ውስጥ ኮዶካንን ከፈተ። ቦታው 12 ታታሚ ነው፤ ታታሚ የምንወድቅበት ምንጣፍ ነው። 12 ታታሚ ማለት የአንዳንዶቻችሁ ሳሎን ማለት ነው። እሱ ውስጥ ሰው ሲጣል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የሙታን መታሰቢያ ሰሌዳዎቹ ከመደርደሪያ ይወርዳሉ። መነኩሴው ተማረሩ። ወለሉ ሲሰበር ካኖ ራሱ መብራት ይዞ ከወለሉ ሥር እየተሳበ ይጠግን ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ታታሚያችን አረጀ እያላችሁ ለምታስቸግሩኝ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ኢኩቦ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ካኖን ይጥሉታል። አንድ ቀን ነገሩ ተገለበጠ። ካኖ ደጋግሞ ጣላቸው። ሽማግሌው ተገርመው ምን እንዳገኘ ጠየቁት። ያገኘው ዛሬ ኩዙሺ የምንለውን ነው፤ ሰውየውን ከመጣልህ በፊት ሚዛኑን ማሳት። ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው አትጥለውም። ክብደቱ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ሲወጣ ግን ሕፃንም ይጥለዋል። ኢኩቦ ይሄን ሲሰሙ ከእንግዲህ የማስተምርህ የለኝም አሉት።

ካኖ ይሄን በቁጥር ያስረዳ ነበር። ተጋጣሚዬ ጉልበቱ 10 ነው እንበል። የእኔ 7 ነው። በሙሉ ኃይሉ ሲገፋኝ ብመክተው እሸነፋለሁ። ባልመክተውስ? በገፋኝ ልክ ወደ ኋላ ባፈገፍግ፣ እሱ ወደ ፊት ይንገዳገዳል። ሚዛኑን ሲስት ከ10ሩ ጉልበት የሚጠቅመው ምናልባት 3 ብቻ ይሆናል። እኔ ሚዛኔን ስለጠበቅሁ 7ቱ በእጄ ነው። ግማሹ ብቻ ይበቃኛል፣ ግማሹ ይተርፈኛል። ጉልበትን በአግባቡ መጠቀም የሚለው መርህ ሥሩ ይሄ ነው። ሁለተኛው መርሁ አንተም እኔም አብረን እንድንጠቀም የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ክለብ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ አያለሁ። ታታሚው ላይ ግን አላየውም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ካኖ የሠራው ትልቁ ሥራ የጨመረው አይመስለኝም። ያወጣው ነው። በድሮው ጁጁትሱ ጣት ይጠመዘዛል፣ ዓይን ይወጋል፣ ሰው በግንባሩ ይተከላል። እንዲህ ያለውን ነገር በሙሉ ኃይል መለማመድ አትችልም፤ ጓደኛህ ያልቃል። ካኖ መምታቱን ወደ ካታ፣ ማለትም ተነጋግረው ወደሚሠሩት ልምምድ አዛወረው። ጣትና አንጓ መጠምዘዝ ከነፃ ልምምድ እየወጣ ሄደ፤ ከመገጣጠሚያ ክርን ብቻ ቀረ። በዚህ ምክንያት ልጆቹ በሙሉ ጉልበት፣ በየቀኑ፣ ሳይሰባበሩ መታገል ቻሉ። ከዚያ በኋላ የቶኪዮ ፖሊስ ባዘጋጃቸው ውድድሮች የድሮዎቹን የጁጁትሱ ሰዎች ያሸነፉበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። በእውነተኛ ጉልበት የለመደ ሰው፣ «ገዳይ ዘዴ አለኝ» እያለ ሞክሮት የማያውቀውን ይጥለዋል።

ይህ ሁሉ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው። የሚወድቀው መውደቅ ያውቃል፦ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ክንዱን ከመዳፍ እስከ ክርን ዘርግቶ ታታሚውን በጥፊ ይመታል። የሚጥለው ደግሞ እጅጌውን አይለቅም። በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ላይ ሳብ ያደርገዋል። የጓደኛው ጭንቅላት እንዳይመታ የሚያደርገው ያ ሳብታ ነው።

ስሙን በማልጠራው አንድ ክለብ ገና ነጭ ቀበቶ የሆነ ልጅ አየሁ። ጓደኛው እግሩን በኦ ሶቶ ጋሪ ጠልፎ ጣለው። ጣለውና እጅጌውን ለቆ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ ጨፈረ። የወደቀው ልጅ መውደቅ የሚባል ነገር አልተማረም። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሊደገፍ ሞከረ። ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አሰልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድ ልጅ ነው፣ ይለምደዋል!» ምኑን ነው የሚለምደው? ስብራት ይለመዳል እንዴ? መውደቅን ሳታስተምር ስለምን ትጥለዋለህ? ብዙ ጣልኩ እያለ የሚፎክር አሰልጣኝ ተማሪዎቹን እንዴት እንደጣለ አትጠይቁት። ከእነሱ ስንቱ በማግስቱ ተመልሶ እንደመጣ ጠይቁት!

«ጁዶ ስፖርት ሆኖ ቀረ፣ ለመንገድ ጠብ አይሆንም» የምትሉም አላችሁ፤ እዚህም ተቀምጣችኋል። በሙሉ ጉልበት መጣል የምትችል፣ ጓደኛህ ግን ደህና አድሮ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ፈለጋችሁ? የልጃችሁ እጅ በየወሩ በጄሶ ካልታሸገ የተማረ አይመስላችሁም?

የ1964ቱን ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላንሳ። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ነው። ካኖ ያን ቀን አላየም፤ በ1938 ከካይሮ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞቷል። የክብደት ገደብ በሌለበት ምድብ ፍጻሜ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈው። የሆላንድ ደጋፊዎች ወደ ታታሚው ሊሮጡ ሲሉ ሄሲንክ ገና ከመሬት ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ አቁሙ አላቸው። የተሸነፈው ሰው አጠገቡ ነበራ። ያ የሆላንድ ሰው ካኖን ከብዙዎቻችን የበለጠ ገብቶት ነበር።

ስለ ቀበቶም ባጭሩ። ወላጆች «ማስተር፣ ልጄ መቼ ነው ጥቁር የሚያስረው?» ትሉኛላችሁ። ዳን የሚባለውን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ካኖ በ1883 ጀመረው። ብጫው፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው ግን ኋላ አውሮፓ ውስጥ የተጨመረ ነው፤ ተማሪ እንዳይሰለች። ስለዚህ በቀለም አትጣሉኝ። ስለ ሴት ልጆች ደግሞ፣ ካኖ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሴቶች አስተምሯል፤ ሌላውን ለሴት አሰልጣኞቻችን እተወዋለሁ፣ ከእኔ የተሻለ ይናገሩታል።

አንድ ጥያቄ ለአዘጋጆቹ አለኝ። ቀበቶ ከመታደሉ በፊት ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ይውደቁልን። ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ፊትም። ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣጣሉ። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲጥል ወዲያው አታጨብጭቡ፤ መጀመሪያ እጁን እዩ። እጅጌውን የለቀቀ ልጅ ካለ ቀበቶው ለሚቀጥለው ዙር ይቆይለት። አሰልጣኞች እንደተቆጣችሁብኝ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። ሻይ ላይ እንጨቃጨቃለን። አመሰግናለሁ።