ድመት በቱቦ የተላከችበት ፖስታ ቤት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከብሮንክስ የደወለ የታክሲ ሹፌር፦ ማንሃተን ሲቲ ሆል ፓርክ ጫፍ ላይ ቤተ መንግሥት የሚያህል ሕንፃ ያለበት የድሮ ፎቶ አየሁ። አሁን ስሄድ ዛፍና ፏፏቴ ብቻ ነው። ምን ነበር?

ፖስታ ቤት ነበር ወንድሜ። ላይኞቹ ፎቆች ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነበሩ። ብሮድዌይና ፓርክ ሮው የሚገናኙበት ሹል ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው። ደብዳቤዎቹ ግን እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ በ1875 ገቡ። ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል የኒውዮርክ ፖስታ የሚለየው ናሳው ጎዳና ላይ በነበረ አሮጌ የደች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር።

ከሜሪላንድ አንዲት እህት፦ እንዲህ ያማረ ሕንፃ ለምን ተጠላ?

አርክቴክቱ አልፍሬድ ሙሌት ይባላል፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ነበር። ጊዜው የፓሪስ ፋሽን ያበደበት ነው። ድርብርብ ዓምዶች፣ ከሜይን የመጣ ግራናይት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ሊል ምንም ያልቀረው፣ መስኮት የተከፈተበት ጣሪያ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን ፋሽኑ አልፎበታል። «የሙሌት ጉድ» የሚል ስም ወጣለት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ያስጠላው ቦታው ነው። ከጀርባው የ1812ቱ ሲቲ ሆል፣ ማለትም የከተማው ማዘጋጃ ቤት አለ፤ ያን የመሰለ ለስላሳ ሕንፃ ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ድርግም አድርጎ ጋረደው። እህቴ፣ ዋሽንግተን ስትሄጂ ከዋይት ሀውስ አጠገብ ያለውን የአይዘንሃወር ሕንፃ እዪው። የዚሁ የሙሌት ሥራ ነው፤ ያው ጣሪያ፣ ያው ዓምድ። ዛሬም ቆሟል።

ስሙን ያልነገረን ወጣት፦ ድመት በፖስታ ተልካለች የሚባለው ቀልድ ነው አይደል?

የምር ነው! በ1897 ከዚህ ፖስታ ቤት ፕሮዲውስ ኤክስቼንጅ እስከሚባለው ሕንፃ በመሬት ውስጥ ቱቦ ተዘረጋ። ደብዳቤው ስምንት ኢንች ስፋት ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይታሸግና የታመቀ አየር ይተኩሰዋል። ለምረቃው መጀመሪያ የላኩት በአሜሪካ ባንዲራ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ቀጥሎ ድመት ከወዲያኛው ጫፍ ተላከች። እዚያ የነበረ የፖስታ ሠራተኛ በኋላ እንደጻፈው፣ ስትወጣ ትንሽ ፈዝዛ ቆየች፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ አለች። ይዘው ቅርጫት ውስጥ ከተቷት። እኔ ብሆን ኖሮ እቧጭራቸው ነበር።

መጀመሪያ የደወለው ወንድማችን እንደገና፦ መቼ ፈረሰ ታዲያ?

በ1914 ስምንተኛ አቬኑ ላይ ትልቁ ፖስታ ቤት ተከፈተ፤ የእኛው ወደ ጎን ተገፋ። በ1939 አፈረሱት፤ ቦታው ለፓርኩ ተመለሰ። ፏፏቴ ያልከው ደግሞ የ1871 ሥራ ነው። በ1920 ከፓርኩ ነቅለው ወስደውት ነበር፤ የተመለሰው በ1999 ነው። በመካከሉ የት እንደከረመ ታውቃለህ? እናንተው ብሮንክስ፣ ክሮቶና ፓርክ።