«ተቃዋሚ» የሚለው ቃል

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ላወራችሁ የወደድሁት ስለ አንድ ቃል ነው። «ተቃዋሚ ፓርቲ» ማለት ቀርቶ «ተፎካካሪ ፓርቲ» ማለት ሲለመድ፣ ለጆሮ የለዘበ በመሆኑ እኔም ለአንድ ሰሞን ተቀብዬው ነበር። እያደር ሳስበው ግን ፉክክር የምርጫ ሰሞን ሥራ ነው፤ ድምፅ ተቆጥሮ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ በሚመጡት ዓመታት፣ በምክር ቤቱ በአናሳነት የተቀመጠው ወገን ምን ይሥራ ለሚለው ጥያቄ ቃሉ መልስ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1826 ጆን ካም ሆብሃውስ የተባሉ የብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴ «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ» የሚል ሐረግ፣ ማለትም ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ መንግሥትን የሚቃወም ወገን ለማለት፣ በምክር ቤቱ ሲናገሩ አዳራሹ ስቆ ነበር። ከ111 ዓመታት በኋላ፣ በ1937፣ የተቃዋሚው መሪ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ እንዲከፈለው በሕግ ተደነገገ። መንግሥት ለነቃፊው ደመወዝ መቁረጡን መጀመሪያ ስሰማ እንቆቅልሽ ሆኖብኝ ነበር።

እንቆቅልሹ የተፈታልኝ የፓርላማ ሥርዓትን አሠራር ልብ ስል ነው። በዚህ ሥርዓት መንግሥት የሚቆመው በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ስለሆነ፣ የአብላጫው አባላት የራሳቸውን ሚኒስትር አጥብቀው ለመጠየቅ እምብዛም አይደፍሩም፤ ተቃዋሚውም ቢሆን ድምፅ በተሰጠ ቁጥር መሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ ከክርክሩ ይዞት ሊወጣ የሚችለው ነገር ሚኒስትሩ በሕዝብ ፊት የሰጠውና በቃለ ጉባኤ የሰፈረው መልስ ነው። በ1861 የተቋቋመው የብሪታንያ ምክር ቤት የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከተቃዋሚው ወገን የሚሆነውም፣ ገንዘቡን ያወጣው ወገን የራሱን ወጪ መርማሪ እንዳይሆን ነው።

ጀርመኖች ደግሞ ተቃዋሚውን ሌላ ኃላፊነት አሸክመውታል። በ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 67 መሠረት፣ ምክር ቤቱ መራኄ መንግሥቱን የሚያወርደው ተተኪውን በአብላጫ ድምፅ በመምረጥ ብቻ ነው፤ በ1982 ሔልሙት ሽሚት ወርደው ሔልሙት ኮል የተተኩት በዚሁ መንገድ ነው። ማፍረስን ከመገንባት ጋር ማሰሩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የሚሠራው ቁጥር ላለው ብቻ እንደሆነ አልዘነጋም።

ቁጥር የሌለው ተቃዋሚ ተስፋ ሲቆርጥ አዳራሹን ጥሎ ይወጣል። ምሬቱ ይገባኛል፤ አንዳንዴ ጥያቄ ማቅረቢያ ደቂቃ እንኳ ተነፍጎት ይሆናል። ቢሆንም እርሱ በወጣበት ቀን ሚኒስትሩ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሳይቀርብለት ወደ ቢሮው ይመለሳል።