«ገና አልጠለቀችም እኮ»

ሰላም ለእናንተ። ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ከኖርዌይ ከተመለስን ሦስት ሳምንት አለፈን፤ እኔ ግን ከዚያች መርከብ ገና አልወረድኩም።

እናቴን ታውቋታላችሁ። ሻንጣዋንም ታውቁታላችሁ፤ ቆሎው፣ ሽሮው፣ ጋቢው፣ ሁሉም ከበርገን እስከ ኪርኬነስ አብሮን ተጉዟል። የእጅ ሰዓቷም ያው ነው፤ የትም አገር ብትሄድ አትነካውም፤ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነው። «የተጓዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን አደረገ?» ትላለች።

ዕረፍት ነው ብዬ ነው የወሰድኳት። እኛ እንቀመጣለን፣ ተራራው በመስኮት ያልፋል። ያልፋልም፤ ግን መርከቧ የምትሄደው ለእኛ ብላ አይደለም። መስመሩ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ነው፤ 34 ወደብ አለው፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ለሩብ ሰዓት ብቻ ይቆማል። አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ገባ፣ በሚቀጥለው ከተማ ወረደ። እኛ ፎቶ እናነሣለን፣ እሱ ቤቱ ይገባል። እናቴ በዚህ ተደሰተች። «አውቶቡስ ነው ለካ!» አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርደውን ሁሉ እጇን እያውለበለበች መሸኘት ጀመረች።

ሎፎተን ደሴቶች ላይ ደግሞ ዓሣ የሚያደርቁበትን የእንጨት ቆጥ አየች። ጨው የለም፣ እሳት የለም፤ ነፋስና ብርድ ብቻ። ዓሣው ወርዷል፤ ጭንቅላቱ ግን በገመድ እንደ ዛጎል ተሰክቶ ገና ተንጠልጥሏል። «ይህን ማን ይበላዋል?» አለች። ናይጄሪያ ይሄዳል፣ እዚያ ለሾርባ ይፈለጋል አልኳት። ጭንቅላቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህም ይጓዛል በይኛ» አለች።

እየሸሸሁ ነው፤ አውቀዋለሁ። ልንገራችሁ።

ሰሜን ጫፍ ካለችው ከትሮምሶ ከተማ የተነሣነው ማምሻውን ነው። በዚያ ሰሞን እዚያ ፀሐይ ለሁለት ወር ያህል አትጠልቅም። ይህን ትኬቱን ከመግዛቴ በፊት አንብቤዋለሁ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ። የቀደሙት ሌሊቶች ደመና ነበሩ፣ እኛም መጋረጃ ዘግተን ነው ያደርነው። እና ያን ምሽት ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ እሷ ጋቢዋን ደርባ ውጭ ተቀምጣለች፤ እኔን ደግሞ እንቅልፍ ጣለኝ። ጋደም ልበል አልኩ።

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ጀንበር ስትጠልቅ እመጣለሁ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። አፌ ነው የተናገረው፤ ሁላችንም የምንለው ነገር አይደል? ልጅ ሆኜ ለጨዋታ ስወጣ እሷ ራሷ «ጀንበር ሳትጠልቅ ግቢ» ትለኝ ነበር። አልኩና ወረድኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ስነቃ በመርከቡ ሰዓት ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። በዚያው ወንበር ላይ ናት። እግሯ ላይ የመርከቡ ብርድ ልብስ አለ፤ አንዱ ሠራተኛ ሰጥቷት ይሆናል። ከጎኗ አንድ ሲኒ ቡና በወረቀት ተከድኖ ተቀምጧል፤ ለእኔ ነው፤ ቀዝቅዟል። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነው የምታበራው።

ዞር ብላ አየችኝና፣ «ገና አልጠለቀችም እኮ» አለች።

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እና እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እያገላበጥኳት ነው። ቀልዳ ነው? እናቴ ስትቀልድ አትስቅም፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፤ የሠርጉን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ቁጭ ብላ ስታስበው፣ ተረድታው፣ እኔን ልትይዘኝ ጠብቃ ሊሆን ይችላል። ወይስ የእውነቷን ነው? ሰዓቷን አየሁት፤ ስምንት ተኩል ይላል። የቀን ይሁን የሌሊት እሱ አይናገርም፤ እኛ አገር ያንን የምትናገረው ፀሐይ ናት። እሷ ደግሞ እዚያው ናት።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ተኩል ገደማ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ፣ ዝቅ ትልና ባሕሩን ልትነካ ስትል ተመልሳ ሽቅብ ትወጣለች። ይህን ነው ላሳያት የወሰድኳት። እኔ ተኝቼ እሷ ብቻዋን አየችው። ስትመለስ ሲያያት ሰው ምን ይላል? ይደነግጣል? የመጨረሻው ቀን ነው ብላ አስባ ይሆን? ወይስ ሠራተኛውን በምልክት ጠይቃው ተሳስቀው… አላውቅም። ለአክስቴ ስልክ ስትደውል ሰምቻታለሁ፤ ስለ ምግቡና ስለ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነው ያወራችው። ስለ ፀሐይዋ ምንም።

ቡናውን ጠጣሁት፤ እያየችኝ ስለነበር። እስከ ሥሩ።

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ዛሬስ እጠይቃታለሁ ብዬ ነው። «እማዬ፣ ያን ሌሊት መርከቡ ላይ…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አንቺ፣ ያ የዓሣ ጭንቅላት ናይጄሪያ ደርሶ ይሆን?»

ደርሷል አልኳት። ምን ልበላት?