የሚያዳምጠው ተዋናይ፦ ስለ ሲድኒ ፖይቲየር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የሲኒማ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናየው በ1967 የወጣውን «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ከፊልሙ ይልቅ ስለ መሪ ተዋናዩ፣ ስለ ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሰውየውንም በዕድሜውና በክብሩ አንቱ ማለት ሲገባኝ፣ እንደ ማንኛውም አድናቂ «እሱ» እያልኩ ብቀጥል አትቀየሙኝ።

የፖይቲየር ስም በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ነገር አንድ ነው፦ በመሪ ተዋናይነት ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ። እውነት ነው፤ በ1964 ሽልማቱን ተቀብሏል፤ ክብሩም ይገባዋል። እኔን የሚቆጨኝ «የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ ትወናውን ሸፍኖት መቅረቱ ነው። ታሪክ ሠራ እንላለን፣ እናጨበጭባለን፣ ካሜራው ፊት ቆሞ ምን እንዳደረገ ግን ልብ አንልም። እኔ የመጣሁት ስለዚያ ላወራ ነው። ከሁሉም በላይ ስለ ጆሮው። አብሮት የሚጫወተው ሰው ሲናገር እንደ ፖይቲየር የሚያዳምጥ ተዋናይ በሆሊውድ ታሪክ ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም።

ይህ ጆሮ ከየት መጣ? የተወለደው በ1927 ማያሚ ውስጥ፣ ቀኑ ሳይደርስ ነው። ወላጆቹ ቲማቲም ሊሸጡ ከባሃማስ ተሻግረው የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ያደገው መብራትም የቧንቧ ውኃም በሌለበት ካት ደሴት ላይ ነው። በ15 ዓመቱ ወንድሙ ዘንድ ወደ ማያሚ ተላከ፤ ብዙም ሳይቆይ ኒው ዮርክ ገባና በየምግብ ቤቱ ሳህን ያጥብ ጀመር። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ሥራ ሲፈልግ ሳህን አጣቢ ከሚፈልጉት ማስታወቂያዎች አጠገብ ተዋናይ እንፈልጋለን የሚል አየ። ቦታው ሃርለም የነበረው የአሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ነው። ሄደ። ጽሑፍ ሰጡት፤ እየተንተባተበ፣ በወፍራም የደሴት ቅላጼው አነበበ። ፈታኙ መሀል ላይ አስቁሞት፣ ጊዜያችንን ከምታባክን ሂድና ሳህን አጣቢ ሆነህ ተቀጠር ብሎ አባረረው። ፖይቲየር ከሁሉም ያሳመመው ይኸው ነበር፤ ሳህን አጣቢ መሆኑን ለሰውየው አልነገረውማ!

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስሙ። ሬዲዮ ገዛ። አስተዋዋቂዎቹ የሚሉትን ቃል በቃል እየደገመ፣ ምላሱን እየገራ ወራት ቆየ። ማንበቡን ደግሞ የረዳው በሚሠራበት ምግብ ቤት የነበረ አንድ አዛውንት አይሁዳዊ አስተናጋጅ ነው። ሥራ ካለቀ በኋላ ሌሊት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያስነብበው ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ ለምን እንደምትገባ ሳይቀር አስረድቶታል። ፖይቲየር የዚያን ሰው ውለታ እስከ እርጅናው ሲያወራ ኖሯል፤ ተመልሶ ሊያመሰግነው አለመቻሉም ይቆጨው ነበር። ቲያትር ቤቱ ሁለተኛ ሲሄድም እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ጽዳቱን ልሥራና በምትኩ አስተምሩኝ ብሎ ነው የገባው።

እንግዲህ አስቡት። ቋንቋውን እንደ አዲስ በጆሮው የተማረ ሰው ነው። ሌላው ተዋናይ የራሱ ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል። ፖይቲየር ግን አይጠብቅም፣ ይሰማል። የሰማውም ነገር ዓይኑ ላይ፣ አገጩ ላይ፣ ከዚያም ትከሻው ላይ ተራ በተራ ሲደርስ ታዩታላችሁ።

ስለ ኦስካሩ ፊልም ስለ «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» ብዙ አልልም። በአሪዞና በረሃ በ14 ቀን ተቀርጾ ያለቀ፣ አነስተኛ በጀት የነበረው ደስ የሚል ሥራ ነው። ፖይቲየር የሚጫወተው መንገደኛ ሠራተኛ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹን መነኮሳት እንግሊዝኛ ሲያስተምራቸው እሱም አብሯቸው ይጫወታል፣ ይስቃል። ለነገሩ «ኤሜን» እያለ የሚያዘምርበት ዝነኛ ቦታ ላይ የምንሰማው ድምፅ የእሱ አይደለም፤ የዝማሬው አቀናባሪ የጄስተር ሄርስተን ነው። ፖይቲየር ዜማ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም።

የእሱን ነገር ለመረዳት አልሠራም ያለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ስሙ ሳይደላደል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት ቀረበለት። ሰውየው የፅዳት ሠራተኛ ነው፤ ወንጀል ስላየ አፉን ለማዘጋት ልጁን ገድለው ግቢው ውስጥ ይጥሉበታል፤ እሱም ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ፖይቲየር ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባ፣ የሆስፒታል ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ አይሆንም አለ። አባቴ እንዲህ አያደርግም ነበር ነው ምክንያቱ። ዕቃውን አስይዞ ገንዘብ ተበደረ። ሥራውን ያቀረበለት ወኪል ማርቲን ባውም ግን በነገሩ ተገርሞ፣ ቆይቶ ራሱ ወኪሉ ሆነ፤ ለረጅም ዘመን አብረው ሠሩ።

አሁን ወደ 1967 ልምጣ። በዚያ አንድ ዓመት ሦስት ፊልሞቹ ወጡ፤ የዛሬው፣ የለንደኑ መምህር የሆነበት «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ» እና «ገስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር»። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገበያ ከሚያመጡ ተዋንያን ሁሉ አንደኛ ብለው መረጡት። በዚያው ሰሞን ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፌ ተውኔት በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ክፉኛ ወረፈው፤ ነጮች የሚወዱት ነውር የሌለበት፣ ሴት የማይነካ፣ ለእነሱ ችግር ብቻ የሚኖር ሰው ሆኖ ስለሚቀርብላቸው ነው ብሎ። እኔ አድናቂው ብሆንም ሜሰን ከግማሽ በላይ ትክክል ነበር እላለሁ። «ገስ ሁዝ ካሚንግ»ን ዛሬ ብታዩት ፖይቲየር የሚጫወተው ዶክተር ከመጠን በላይ ፍጹም ነው። ከእጮኛው ጋር ሲሳሳሙ እንኳ የምናየው በታክሲው የኋላ መስተዋት ውስጥ፣ ለጥቂት ሰከንድ ነው! ዶክተሩን ከዚያ የፊልም ጽሑፍ ያስጣለው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ ከአባቱ ጋር ሲጋጭ። አባቱ ሲናገር ፊቱ ላይ ንዴትና ፍቅር ይፈራረቃሉ፤ አፉን ሲከፍት ደግሞ አንተ ራስህን የምታየው እንደ ጥቁር ሰው ነው፣ እኔ ግን እንደ ሰው ይለዋል። እዚያ ላይ ቅዱሱ ዶክተር ጠፍቶ የተቆጣ ልጅ ይመጣል።

የዛሬው ፊልም ግን ለትችቱ አይመችም። ፖይቲየር የሚጫወተው መርማሪ ፖሊስ ቨርጂል ቲብስ ፍጹም ሰው አይደለም፤ ኩሩ ነው፣ ይበሳጫል፣ ባለጸጋውን ነጭ ወንጀለኛ አድርጎ ለማግኘት የጓጓበት ሰዓትም አለ። ታሪኩ የሚሲሲፒ ነው፤ የተቀረጸው ግን በአብዛኛው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ስፓርታ በምትባል ከተማ ነው። ምክንያቱ ራሱ ፖይቲየር ነው። በ1964 ከጓደኛው ከዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ለመብት ታጋዮች ጥሬ ገንዘብ ይዘው ሚሲሲፒ ግሪንውድ ሲገቡ ጥቁሮችን የሚያሸብረው የነጮች ቡድን የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች በመኪና አሳድደዋቸዋል። ስለዚህ ደቡብ አልሄድም አለ። ለጥጥ እርሻው ብቻ ለጥቂት ቀናት ቴነሲ ገቡ፤ እዚያም ሽጉጥ ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚተኛው።

ኦርኪድ የሚያበቅለው ባለርስት ኤንዲኮት ቤት ስትደርሱ ዓይናችሁን ከፖይቲየር ላይ እንዳትነቅሉ። ባለርስቱ አበቦቹን እያሳየ፣ እነዚህም እንደ ኔግሮ እንክብካቤ ይሻሉ፣ ጊዜ ይጠይቃሉ ይላል። ፖይቲየር በትሕትና ፈገግ እንዳለ ይሰማዋል። ፈገግታው አልጠፋም፤ ዓይኑ ግን ከፈገግታው ተለይቶ ሄዷል። ከዚያ የመርማሪው ጥያቄ ይመጣል፤ ባለርስቱ በጥፊ ይመታዋል፤ ቲብስ በዚያው ቅጽበት ይመልስለታል። ጥፊውን ማን አመጣው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ፖይቲየር እኔ ነኝ እንዲጨመር ያደረግሁት ይል ነበር፤ የፊልሙ ጸሐፊና ዳይሬክተሩ ኖርማን ጁዊሰን ደግሞ ከመጀመሪያውም በጽሑፉ ነበረ ብለዋል። ለእኔ ክርክሩ ብዙም አይደለም። ጽሑፍ ላይ ጥፊ መጻፍ ይቻላል፤ ያንን ፍጥነት ግን ማንም አልጻፈለትም። አያስብም፣ ትንፋሽ አይሰበስብም፣ የጀግና አቋቋም አይቆምም። በጊዜው ነጭ ባለርስትን በጥፊ የሚመልስ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ሲኒማ ታይቶ የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

የኦስካር ሥነ ሥርዓቱ በ1968 ለሚያዝያ 8 ተቀጥሮ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ተገደለ፤ ዝግጅቱም ከቀብሩ በኋላ ወደ ሚያዝያ 10 ተዛወረ። ይህ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ተባለ፤ የፖሊስ አዛዡን የተጫወተው ሮድ ስታይገር በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመ፤ መድረኩ ላይም ፖይቲየርን አመሰገነ። ፖይቲየር ግን በዚያ ዓመት ለዕጩነት እንኳ አልቀረበም። ስታይገር ድንቅ ነው፤ ማስቲካውን እያላመጠ፣ እየጮኸ፣ እየተንጎራደደ ይጫወታል። አብረው በሚታዩበት ትዕይንት ሁሉ ግን የሚጮኸው ሰው ጩኸት የሚያርፍበት ሰው ያስፈልገዋል። ሽልማት ሰጪዎቹ ያላዩት ይህንን ይመስለኛል።

ሌላም የምትመለከቱት ነገር አለ። የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ሃስኬል ዌክስለር መብራቱን ለፖይቲየር ቆዳ እንዲስማማ አድርጎ አስተካክሏል፤ ያኔ እንዲህ የሚጨነቅ ብዙ አልነበረም። ከፊቱ የሚቀር ነገር እንዳይኖር ነው። የኩዊንሲ ጆንስን ሙዚቃና መክፈቻው ላይ የሬይ ቻርልስን ድምፅ ደግሞ ጮክ ብሎ እንዲሰማ ለባለሙያው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።

መብራቱ ይጥፋልን። ጥያቄና ክርክር ያለው፣ በተለይ ስለ ሜሰን ትችት ከእኔ የማይስማማ፣ ፊልሙ ሲያልቅ እዚሁ እጠብቀዋለሁ።