ቲራና፦ ጎንደርን የነካ እጅ ያሰመራት ዋና ከተማ

[በምስል፦ ቲራና ከላይ። አንድ ሰፊ ቀጥ ያለ ጎዳና፣ ጫፉ ላይ ነጭ ግዙፍ ሕንፃ።]

ይህን ጎዳና ልብ ብላችሁ እዩት። የምናየው የአልባኒያን ዋና ከተማ ቲራናን ነው። ጎዳናውን ያሰመሩት ግን ጣሊያኖች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ዋነኛው ሰው ደግሞ ቲራና ከመድረሱ በፊት ጎንደር ላይ ነበር። ወደ እሱ እንመጣለን። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቲራና እንደ ሮም ወይም እንደ አቴንስ የጥንት ከተማ አይደለችም። በ1614 ሱሌይማን ባርጂኒ የሚባል የኦቶማን ፓሻ አንድ መስጊድ፣ አንድ የሕዝብ መታጠቢያና አንድ ዳቦ ቤት አሠራ። ከተማዋ ተቆረቆረች የሚባለው ያኔ ነው። ከተማ ሲመሠረት ዳቦ ቤት መቆጠሩ ደስ ይለኛል። ሰው ጸልዮ፣ ታጥቦ፣ ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀስ በቀስ ገበያው ሰፋ፣ ጠመዝማዛ መንገዶች ወጡ።

[በምስል፦ የኤተም በይ መስጊድ በረንዳ፣ የግድግዳው ሥዕል በቅርብ።]

ከኦቶማን ዘመን ተርፎ መሃል ከተማው ላይ የቆመው የኤተም በይ መስጊድ ነው። ሥራው ያለቀው በ1820ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ጠጋ ብላችሁ ግድግዳውን እዩት። ዛፍ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ድልድይ አለ። በመስጊድ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ብዙ አይገኝም። በ1967 የአልባኒያ ኮሚኒስት መሪ የኤንቨር ሆጃ መንግሥት ሃይማኖትን ከነጭራሹ ሲከለክል መስጊዱም ተዘጋ። በጥር 1991 ግን ሕዝቡ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በሺዎች ሆኖ ገባ።

ወደ ኋላ እንመለስ። በ1920 ቲራና ዋና ከተማ ተባለች። ስሙን አገኘች እንጂ ሚኒስቴር የሚቀመጥበት ሕንፃ እንኳን አልነበራትም። አገሪቱ ደግሞ ገንዘብ የላትም። በ1925 ብድሩ ከጣሊያን መጣ፣ አርክቴክቶቹም ተከትለውት መጡ። አርማንዶ ብራዚኒ የመጀመሪያውን ትልቅ ጎዳና አሰበ። ፍሎሬስታኖ ዲ ፋውስቶ የሚኒስቴር ሕንፃዎቹን ነደፈ፤ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀቡት፣ ዛሬም በከተማዋ ዋና አደባባይ፣ በስካንደርቤግ አደባባይ ዙሪያ ቆመው የምናያቸው እነሱ ናቸው። ልብ በሉ፣ እስካሁን ወረራ የለም። አበዳሪው ነው ከተማ የሚያሠራው።

ወረራው የመጣው በሚያዝያ 1939 ነው። ከዚያም የፍሎረንሱ ተወላጅ ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማ ፕላን ቢሮው ኃላፊ ሆነ።

[በምስል፦ የጎንደር ፒያሳ።]

ቦዚዮ የጎንደርን ፕላን ያወጣው ሰው ነው፤ አገራችን በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ። ጎንደር ያደጋችሁ ፒያሳን ታውቁታላችሁ። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ጥጉ ክብ የሆነው ፎቅ፣ እና ከጎኑ የፋሲል ግንብ። በዚያ ዘመን ፕላን የጣሊያኑ ሰፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰው ሰፈር ለብቻ ነው። ይህን ሳይናገሩ ስለ ሕንፃው ውበት ብቻ ማውራት አይሆንልኝም።

ቲራና ላይ ቦዚዮ ጎዳናውን ወደ ደቡብ አስረዘመው። ስሙንም "የኢምፓየር ጎዳና" አሉት። መጨረሻው ላይ የፋሺስት ፓርቲ ቤት ተሠራ፤ የመጀመሪያው ምስላችን ላይ ያያችሁት ሕንፃ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ከአደባባዩ የሚነሳ ሰው ዓይኑ ሌላ የሚያርፍበት እንዳይኖረው ነው። ቦዚዮ በ1941፣ ገና 40 ሳይሞላው ሞተ። የፋሺስት ቤቱ ዛሬ የፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደረጃው ላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። የጣሊያን ንጉሥ እንደራሴ ይሠራበት የነበረው ሕንፃ ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሆኗል።

ከጦርነቱ በኋላ ተራው የሶቪየቶች ሆነ። በ1959 የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼቭ ቲራና መጥተው የባህል ቤተ መንግሥቱን የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። የት ላይ? አሮጌው ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያ ገበያ የማንም አርክቴክት እጅ የለበትም፣ ነጋዴውና ሸማቹ በዘመናት የሠሩት ነው። እሱ ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉ፣ ሩሲያዎቹ ሄዱ፣ ሕንፃው ቆይቶ አለቀ። ገበያው ግን ላይመለስ ሄደ።

[በምስል፦ ፒራሚዱ፣ የድሮ ፎቶና የዛሬው።]

በ1988 ለሆጃ መታሰቢያ ሙዚየም የሚሆን ፒራሚድ ተሠራ። ይህንን እንኳን የነደፉት አልባኒያውያን ናቸው፣ የሆጃ ልጅም አንዷ ናት። ሥርዓቱ ሲወድቅ የሰፈር ልጆች ቁልቁለቱን መንሸራተቻ አደረጉት። በ2023 የሆላንድ አርክቴክቶች አድሰውት ጎኑ ላይ ደረጃ ሠሩለት። አሁን ማንም ጫፉ ድረስ ይወጣል፣ ውስጡ ልጆች ቴክኖሎጂ ይማራሉ። የውጭ ሰው ሥራ እንዲህ ሲሆን እሰየው ነው። ሰው ይወደው የነበረውን ነገር ዓይቶ፣ በእሱ ላይ ጨመረበት።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። ጣሊያኖች በ1939 የሠሩት ብሔራዊ ቴአትር ነበር። መንግሥት አፍርሶ በዴንማርኩ አርክቴክት በቢያርኬ ኢንገልስ ንድፍ አዲስ ልሠራ አለ። ተዋንያንና ነዋሪዎች ከሁለት ዓመት በላይ ሕንፃውን ጠበቁት፣ ውስጡ አደሩ። ወራሪ የሠራውን ቤት ነው እንዲህ ሙጥኝ ያሉት፤ ምክንያቱም 80 ዓመት ሙሉ እነሱ ያለቀሱበት፣ የሳቁበት ነው። ግንቦት 17 ቀን 2020፣ ገና ሳይነጋ፣ ፖሊስ ሰዎቹን አስወጣ። ዶዘሩም ሥራውን ጀመረ።

[በምስል፦ ስካንደርቤግ አደባባይ፣ የእግረኛ ጫማ ከፍታ ላይ።]

በመጨረሻ እዚህ አደባባይ ላይ እንቁም። በ2017 ቤልጅየማውያን አርክቴክቶች መኪናውን አስወጥተው ለእግረኛ ሰጡት። መሃሉ ከፍ ብሎ በአራቱም በኩል ቀስ ብሎ ይወርዳል። የተነጠፈው ድንጋይ ግን ከተለያየ የአልባኒያ ክፍል ተለቅሞ የመጣ ነው። ደረቅ ሲሆን ሁሉም ተመሳሳይ ይመስላል። ከመሃል ውሃ ሲለቀቅ ድንጋዩ ይረጥባል፣ ያኔ ሮዙ፣ አረንጓዴውና ግራጫው ለየብቻ ይወጣሉ። ሕፃናት ጫማቸውን አውልቀው ይራጫሉ።