ሦስተኛዋ ሰርቨር ሰነፍ አይደለችም

እንደምን አመሻችሁ። ደሴ ዛሬም ጉም ለብሳለች፤ ጦሳ ተራራ አይታይም። ድምፄ ከሻከረ በብርዱ አሳቡልኝ። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ፕሮግራም የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ለሦስት ሰርቨሮች ያከፋፍላል፤ ጥያቄ ስለማታስተናግድ ‹ሰነፏ› ባልናት በሦስተኛዋ ባለፈው ስቀን ነበር ያለፍነው። ሰነፍ አይደለችም። ይቅርታ ሳልጠይቃት አልቀርም።

የኤንጂንኤክስን ሎግ፣ የጥያቄዎቹን መዝገብ፣ እየደጋገምኩ ነው የማየው። አክሰስ ሎጉ ላይ ‹አፕስትሪም አድሬስ› የሚለውን ቫሪያብል ጨምሩበት፤ ጥያቄው የትኛዋ ሰርቨር ጋ እንደሄደ በየመስመሩ ይጽፍላችኋል። የሰርቨሮቹ አድራሻ የሚያልቀው በ11፣ በ12 እና በ13 ነው፤ ያንን መጨረሻውን ብቻ ላንብብላችሁ፦ 11፣ 11፣ 11፣ 11። ወደ ታች ስትወርዱ አሁንም 11። አንዴ 12። 13 የለችም። ጤነኛ ናት እኮ! በቀጥታ ስትጠይቋት ወዲያው 200፣ ማለትም ‹ተሳክቷል›፣ ትመልሳለች።

ጥፋቱ የኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፤ አይፒ ሃሽ፣ ከአንድ አድራሻ የመጣውን ሁሌ ወደ አንድ ሰርቨር የሚልከው። ሎግኢን ያደረገ ሰው ሴሽኑ፣ መግባቱን የሚያስታውሰው መረጃ፣ እንዳይጠፋበት ተብሎ የገባ። የሚረሳው ነገር ግን፣ አይፒ ሃሽ አድራሻውን ሙሉ አያይም፤ በነጥብ ከተለዩት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ የሚገባው ሰው ደግሞ ብዙው በጥቂት የጋራ አድራሻ ነው የሚወጣው። ከፒያሳ ግቡ ከኮምቦልቻ፣ ለኤንጂንኤክስ አንድ ሰው ናችሁ። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ የኮምቦልቻን ተሳፋሪ በሙሉ አንድ ሚኒባስ ላይ ሲያጭቅ አስቡት፤ ሁለቱ ባዶ ቆመው! ከዚያ ሐረጎን ቁልቁል፣ ትርፍ ጭኖ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

አይፒ ሃሹን አውጡና ሊስት ኮን አስገቡ፤ ጥያቄውን ጥቂት ግንኙነት ወደያዘችው ሰርቨር ይልካል። ‹ዞን› የሚለውንም፣ ወርከሮቹ (የኤንጂንኤክስ ሠራተኛ ሂደቶች) የሚጋሩትን ሜሞሪ፣ እንዳትረሱ፣ 64 ኪሎባይት ይበቃል። ያለ እሱ እያንዳንዱ ወርከር ቆጠራውን ለብቻው ይይዛል፤ አንዱ ወደቀች ያላትን ሰርቨር ሌላው ይልክባታል። ማክስ ፌይልስን፣ ሰርቨሯ ከተራ የምትወጣበትን የስህተት ብዛት፣ ካልነካችሁት 1 ነው፤ አንዴ ከተሳሳተች ለ10 ሰከንድ ከተራ ትወጣለች። ጭካኔ ነው። እኔ 3 ስህተት በ30 ሰከንድ እላለሁ፣ ግን... እንደ አፑ ነው። ከዚያ ኮንፊጉን በኤንጂንኤክስ ዳሽ ቲ ፈትሹ፣ ቀጥሎ ሪሎድ። ሪስታርት አላልኩም!

ሴሽኑስ? ወደ ሬዲስ፣ ሦስቱም ወደሚጋሩት የመረጃ ማከማቻ፣ ይውጣ፤ ያኔ ሦስቱም እኩል ይሆናሉ። እሺ። ሬዲሷ ግን አንዲት ናት። እሷ ከወደቀች... ያው ሰውን ሁሉ መልሰን አንድ ሚኒባስ ላይ ጫንነው ማለት አይደል? ሁለት ይሁኑ ብትሉኝ፣ ዋናዋ የትኛዋ እንደሆነች ማን ይወስናል? ሴንቲነል፣ ሬዲሶቹን እየጠበቀ ዋናዋን የሚመርጠው፣ ትሉኛላችሁ። እሱም ቢያንስ ሦስት ይፈልጋል። ሦስት ማሽን ደግሞ...